በፎቶው ላይ የተዘረጋው እጅ

ይድረስ ከልቤ ለምናፍቅሽ ለእህቴ ለእታለም፤

እንዴት ሰነበትሽልኝ? ጤናሽ እንዴት ነው? ጎንበስ ስትዪ ቀስፎ የሚይዝሽ ወገብሽ ተሻለሽ ወይስ አሁንም እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ ይላል? እናታችን እንዴት ናት? እህል ይወርድላታል? እንቅልፍስ ይወስዳታል? ዓይኗ ከባለፈው ባሰ ወይስ ባለበት ነው? አናጢው ባለቤትሽ ጣቱን በመዶሻ መምታት ተወ? መንትዮቹስ አንዱ ሲመታ ሌላው ማልቀሱን አልተዉም? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር አካሌ ደህና ነው። ጥርሴ ሙሉ ነው፤ ጸጉሬም ከግንባሬ ትንሽ ሸሸት አለ እንጂ ጨርሶ አልከዳኝም። ደህና ያልሆነውን ነገር ወደ ታች ስወርድ እነግርሻለሁ።

ከሁሉ በፊት ግን ይህን ደብዳቤ ማን እንደጻፈው ገምቺ። እንደ በፊቱ የካሜራ መሸጫው ዘበኛ አይደለም። እኔ ነኝ፤ ወንድምሽ፣ በገዛ እጄ። ሰባት ወር ሙሉ ከሥራ መልስ የማታ ትምህርት ገብቼ፣ ጉልበቴ ከአገጬ እስኪጋጭ የሕፃናት ወንበር ላይ ተቀምጬ ፊደል ቆጠርኩ። ከሠላሳ አንድ ተማሪ አንደኛ ወጣሁ ብልሽ ታምኚኛለሽ? እንዳታምኚኝ፤ አራተኛ ነኝ። አየሽ፣ ዕድሜ ልኬን ለመጀመሪያ ጊዜ ጉራዬን ራሴ አረምኩት። ፊደሎቼ ከመጠጥ ቤት እንደወጣ ሰው ቢንገዳገዱ ታገሻቸው፤ ዘግይተውም ቢሆን ቤታቸው ይገባሉ።

አሁን ቃሌ ለአንቺ ለአንባቢዋ ነው፣ የእህቴ ልጅ። እስከዚህ ያነበብሽውን አያትሽ ሰምታ ከሆነ ደግ አደረግሽ፤ ትሳቅ። ከዚህ በታች ያለውን ግን እናትሽን ይዘሽ ወደ ጓሮ ውጪና እዚያ አንብቢላት። አያትሽ እንድትሰማው ገና ድፍረቱ የለኝም። አንብበሽ ስትጨርሺ አጎትሽን እንደ ድሮው ባታዪው አልቀየምሽም።

እታለም፣ ነገሩ ስለዚያ ፎቶ ነው። አምና የላክሁላችሁ፣ ጥቁርና ነጩ፣ ረጅሙ የድንጋይ ግንብና በግንቡ መጨረሻ እጃቸውን የዘረጉ ሽማግሌ ያሉበት። ባለቤትሽ በሬ የሚያስር ምስማር መትቶ ከእናቴ አልጋ ራስጌ እንደሰቀለው፣ ጎረቤቱ ሁሉ እየመጣ እንዳየው፣ እናቴም ዓይኗ ባያደርሳት በየጠዋቱ መስታወቱን በጣቷ እየዳበሰች «ሰውዬው ዛሬም ልጄን ሰላም እያለልኝ ነው?» እንደምትል ጽፋችሁልኝ ነበር። ዘበኛው ያን ሲያነብልኝ ደረቴ ተነፍቶ የሸሚዜ ቁልፍ ሊበጠስ ምንም አልቀረውም። ዛሬ ያቺን የእናቴን ጣት ባሰብኩ ቁጥር የምገባበት ይጠፋኛል።

ፎቶውን ስልክላችሁ እኔ አነሣሁት ብዬ ነበር። ሽማግሌው ወዳጄ ናቸው፣ ከሩቅ አይተውኝ እጃቸውን ዘርግተው ሰላም ሲሉኝ ነው ቀጭ ያደረግሁት ብዬ ነበር። ሁሉም ውሸት ነው። እኔ ፎቶ አንሺ አይደለሁም፤ የፎቶ አንሺ ዕቃ ተሸካሚ ነኝ። አለቃዬ ከከተማ ከተማ እየተጓዙ በጥቁርና ነጭ ብቻ የሚያነሡ፣ በዕድሜ ጠና ያሉ ሴት ናቸው። እኔ የካሜራውን ቦርሳና ባለሦስት እግሩን መቆሚያ ተሸክሜ እከተላቸዋለሁ፤ መቆሚያውን እተክላለሁ፣ እነቅላለሁ። ዝናብ ሲመጣ ጃንጥላው ለካሜራው ነው፤ እኔ እበሰብሳለሁ። «ስቱዲዮ ከፈትኩ» ያልኳችሁ ስቱዲዮ ይኸው ጀርባዬ ነው። በአራት ዓመት ውስጥ ካሜራውን የነካሁት አቧራውን ለማራገፍ ብቻ ነው።

ሥራውን ግን አውቀዋለሁ፤ ይህቺኛዋ ጉራ አይደለችም። አለቃዬ እንደሚሉት የተመልካች ዓይን በር ላይ እንደቆመ እንግዳ ነው፤ ግባ የሚለው ሰው ይፈልጋል። በቀለም ፎቶ ቀይ ቀሚስ ወይም ቢጫ በር ዓይንን ከሩቅ ጠርቶ ያስገባዋል። በጥቁርና ነጭ ቀዩም ቢጫውም አመድ ነው፤ ስለዚህ መንገድ የሚያሳየው መስመር ነው። መሪ መስመር ይሉታል። የባቡር ሐዲድ፣ የደረጃ ጠርዝ፣ የአጥር ጥላ፣ ጭቃ ላይ የቀረ የጎማ ዱካ፣ አውቶቡስ የሚጠብቅ ሰልፍ ሳይቀር መስመር ነው። ከፎቶው ጥግ ይነሣና ዓይንን ይዞ ሄዶ የተፈለገው ነገር ላይ ያደርሰዋል። ካሜራውን ዝቅ ካደረግሽው መስመሩ ይረዝማል፣ ከፍ ካደረግሽው ያጥራል። ሁለት መስመር ከተጣላ ዓይን መሐል መንገድ ላይ ይቀራል። ጥግ ላይ አንዲት ነጭ ነገር፣ ላስቲክ ወይም ቁራጭ ወረቀት ካለች ደግሞ ዓይንን ሰርቃ ከፎቶው ይዛው ትወጣለች። እንግዲህ የእኔ ሥራ ይህን ሁሉ መጥረግ ነው። አለቃዬ «መስመሩን አጽዳልኝ» ይሉኛል፤ እኔም ጠርሙሱን እለቅማለሁ፣ ብስክሌቱን ባለቤቱን አስፈቅጄ አዞራለሁ፣ ቅጠሉን እጠርጋለሁ። ከእኔ በኋላ የቀረ ቆሻሻ አግኝታችሁ አምጡ ብዬ የምፎክርበት ሙያ ነው።

ፎቶው የተነሣበት ቀን ጉዞ ከጀመርን ሦስተኛ ቀናችን ነበር። ጠዋት የመቆሚያው ከረጢት ማንገቻ ተበጥሶብኝ ከረጢቱን እንደ ሕፃን ታቅፌው ነበር የምዞረው። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ከአንዲት ትንሽ ከተማ ዳር ያን ግንብ አገኘን። ብርሃኑ ከጎን እየመታው እያንዳንዱ ድንጋይ የራሱን ጥላ ይዞ ብቅ ብሏል። ከግንቡ ሥር ቀጭን የእግር መንገድ አለች፤ ግንቡም መንገዷም አብረው ሄደው አንዲት ዝቅ ያለች በር ላይ ያበቃሉ። አለቃዬ ከመንገዱ ቧንቧ አጠገብ፣ ከበሩ አርባ እርምጃ ያህል ርቀው መሬት ላይ ተንበረከኩና «ይኸውልህ መስመር» አሉኝ።

ታዲያ ከግንቡ ጎን ለጎን፣ ከሰው ወገብ ከፍታ ላይ፣ ከዚያች በር ተነሥቶ በእንጨት ምሰሶዎች ላይ እያለፈ እስከ ቧንቧው የተወጠረ ገመድ ነበር። እዚህም እዚያም ቋጠሮ አለበት፤ አንዳንድ ቦታ ላላ ብሎ ይወርዳል። ግንቡ ዓይንን ወደ በሩ ሲመራ ገመዱ ጎትቶ መሬት ይጥለዋል። መካከለኛው ምሰሶ ላይ ደግሞ በላስቲክ የተጠቀለለች ነጭ ወረቀት ተሰክታለች፤ ዓይን የምትሰርቀዋ። አለቃዬ ከተንበረከኩበት ሆነው «የሰው ገመድ ነው፤ ወረቀቷን እስቲ አንብባት፣ ምን ትላለች?» አሉኝ።

እዚህ ላይ ልብ በዪልኝ። ሲቀጥሩኝ «ማንበብ ትችላለህ?» ብለው ጠይቀውኝ «እንደ ውሃ ነው የምጠጣው» ያልኩ ሰው ነኝ። አራት ዓመት ሙሉ ጋዜጣ እየዘረጋሁ፣ የመንገድ ምልክት እየገመትኩ ኖሬአለሁ። ስለዚህ ወደ ወረቀቷ ቀረብ አልኩ፤ እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ፣ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ ልክ እንደሚያነብ ሰው ቆየሁና «የሚከራይ ቤት አለ ነው የምትለው፤ ቀኗም አልፏል» አልኳቸው። ቀኗም አልፏል ያልኩት ውሸቱ እንዲያምርልኝ ነው።

«እንግዲያው ፍታውና ስንጨርስ መልሰህ እሰረው» አሉኝ። ቋጠሮ በመፍታት የሚደርስብኝ የለም፤ የጠበቀውን በጥርሴ፣ የላላውን በጣቴ እያልኩ ከበሩ እስከ ቧንቧው አንድም ሳላስቀር ፈታሁት። ወረቀቷን አጣጥፌ ካፖርቴ ኪስ ከተትኳት። አለቃዬ ጎን ደርሼ ገመዱን ስጠቀልል በሯ ተከፈተችና አንድ ሽማግሌ ባልዲ ይዘው ወጡ። ደፉ ላይ ቆም አሉ። ከዚያ ቀኝ እጃቸውን ቀስ አድርገው ወደ እኛ ዘረጉ። «እንዳትንቀሳቀስ» አሉ አለቃዬ፤ ካሜራው ቀጭ አለ። እኔ ግን ሽማግሌው ሰላም ያሉኝ መስሎኝ ዝም ማለቱ ነውር ሆነብኝና እጄን አውለበለብኩላቸው። ደጋግሜ ነው ያውለበለብኩላቸው፣ እታለም።

ወዲያው ደመና ፀሐይዋን ሸፈናት። አለቃዬ ብርሃኑ ከኮረብታው ወዲያ ሳይጠፋ እንድረስበት ብለው ካሜራቸውን ይዘው ወደ መኪናው ገሰገሱ። ገመዱን መልሼ ማሰር ነበረብኝ። አላሰርኩትም። ጠንካራ ነው፣ ትከሻም አይቆርጥም፤ እኔ ደግሞ ማንገቻ የለኝም። ሽማግሌውን ዞሬ ሳላይ ወደ መኪናው ሮጥኩና ከኋላው ቆሜ ስምንት ቦታ አጥፌ፣ ገምጄ ከረጢቱ ላይ አሰርኩት። መኪና ውስጥ «አሰርከው?» ሲሉኝ «አስሬዋለሁ» አልኳቸው። በአንድ በኩል እውነት ነበር፤ እንዲህ ዓይነት ነገር ማሳመር እችልበታለሁ።

ፎቶው ከጉዞው ሁሉ የበለጠው ሆነ። ኤግዚቢሽን ላይ ትልቅ ተደርጎ ተሰቀለ፤ ከሥሩም «ሰላምታ» የሚል ጽሑፍ ተለጠፈበት። ሰው ፊቱ ቆሞ ይቆያል፤ መስመሩ ዓይንን ይዞ ሄዶ ሄዶ የተዘረጋው እጅ ላይ ሲያደርሰው ሁሉም ፈገግ ይላል። እኔ የተዋስኩትን ክራቫት አስሬ አጠገቡ ቆምኩና ለመጣው ሁሉ «ሰላም የሚሉት እኔን ነው፤ መስመሩንም ያጸዳሁት እኔ ነኝ» እያልኩ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ አወራሁ። አለቃዬ አንድ ቅጂ ሰጡኝ። እሱን ነው የላክሁላችሁ።

ባለፈው ወር ብርዱ ሲገባ ካፖርቴን ከሣጥን አወጣሁ። እሑድ ቀትር ላይ ከክፍል ጓደኛዬ ከዳቦ ጋጋሪው ጋር ተቀምጠን ስለ ትምህርቴ እየለፈለፍኩ ነበር። ያመጣልኝን የዱቄት ከረጢት አነበብኩለት። እሱ ግን «የዱቄት ከረጢት ማንበብ ማንበብ አይደለም፤ ፊደሉ የበሬ ቀንድ ያህላል። በእጅ የተጻፈ አንብብና ሰው ልበልህ» አለኝ። በእጅ የተጻፈ ከየት ላምጣለት እያልኩ ኪሴን ስፈትሽ ያቺ ወረቀት እጄ ላይ ወጣች። ምን እንደሆነች እንኳ ረስቻት ነበር። ተነሥቼ ቆምኩ፤ ጉሮሮዬን ጠረግሁ፤ እንደ ዜና አንባቢ ድምፄን ጎላ አድርጌ አንድ በአንድ አነበብኩ፦

«ይህን ገመድ እባካችሁ አትፍቱት። ዓይነ ስውሩ አባቴ ወደ ቧንቧው የሚሄዱት እሱን ይዘው ነው።»

ጋጋሪው መጀመሪያ አጨበጨበልኝ። ቀጥሎ «የማን ገመድ ነው?» አለኝ። የመቆሚያው ከረጢት በሩ ላይ ተሰቅሎ ነበር፤ ማንገቻው ከፊቴ ነበር። «የማንም» አልኩት። ዓመት ሙሉ ትከሻዬ ላይ ተሸክሜው የዞርኩት የሰው መንገድ ነበር እኮ። በገዛ ራሴ ያነበብኳት የመጀመሪያዋ የእጅ ጽሑፍ ይህች ናት፤ ሰባት ወር የተማርኩትም ለእሷ ይመስላል። ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን ትምህርት ቤት አልሄድኩም፤ መምህሯ ዓይኔን ካየች የምታውቅብኝ መሰለኝ።

በሳምንቱ ፈቃድ ጠይቄ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ግንቡ እዚያው ነው፤ ምሰሶዎቹም ባዶአቸውን ቆመዋል። ሽማግሌው በሩ ደፍ ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ልጃቸው፣ ሙያዋ ልብስ ስፌት ነው፣ የስፌት መኪናዋን መስኮቱ ሥር አድርጋ ትሰፋለች። መንገድ የጠፋኝ እንግዳ መስዬ ውሃ ለመንኳትና ወሬ ጀመርኩ። ምሰሶው ምን ያደርጋል አልኳት። እየሰፋች ነገረችኝ። አምና አንድ ቀን አባቷ ባልዲ ይዘው ሲወጡ ገመዱን አጡት፤ ላልቶ የወረደ መስሏቸው እጃቸውን ዘርግተው እየፈለጉ ጥቂት ሄዱና ቦዩ ውስጥ ወደቁ። ዳሌያቸው ተሰንጥቆ አራት ወር ተኙ። ድነው ከተነሡ በኋላ ልጅቷ አዲስ ገመድ ልወጥር ብትላቸው አሻፈረኝ አሉ፤ የሚፈታ ገመድ አልይዝም ብለው ከዚያ ወዲህ ከዚህች ደፍ አልፈው አያውቁም።

ማን ፈታው ታዲያ አልኳት። በመርፌዋ ወደ ጎረቤቷ ግቢ ጠቆመችኝ። እዚያ ልብስ አጣቢ አለች። አንድ ጊዜ ገመዱ ላይ አንሶላ ላስጣ ብላ ጠይቃኝ እምቢ ስላልኳት ቂም ይዛ የፈታችው እሷ ናት አለችኝ። ከዚያች ቀን ጀምሮ በአንድ ግንብ ተለያይተው እየኖሩ እንደምን አደርሽ ተባብለው አያውቁም።

እታለም፣ ያኔ መናገር ነበረብኝ። እኔ ግን ምን አልኩ? «እንዲህ የሚያደርግ ሰው ክፉ ነው» አልኩ። በዚህ ምላሴ ነው ያልኩት። ከዚያም ጭንቅላቴ ውስጥ የሚጮኸውን ነገር ለመሸሽ ሽማግሌውን ቀልድ በቀልድ አደረግኋቸው። የጫማ ሰፊውን ነገር፣ የሁለቱን ደንቆሮዎች ነገር አወራኋቸው። እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ስነሣ እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው «ዓመት ሆነኝ እንዲህ ከሳቅሁ፤ በዚህ ስታልፍ አትለፈኝ» አሉኝ። አውቶቡሱ ውስጥ እጄን ጭኔ ሥር ደብቄው ተመለስኩ። ገመዱን በመፍታቴ ያፈርኩት አንድ እጅ ከሆነ በዚያ ቀን ያፈርኩት አሥር እጅ ነው። ስፈታው አላወቅሁም ነበር። በዚያ ቀን ግን አውቄ ነው።

ለአለቃዬ ነገርኳቸው። ወረቀቷንም አነበብኩላቸው። «አራት ዓመት ሙሉ የመንገድ ምልክት ያነበብክልኝ አንተ አይደለህም?» አሉኝ። እየገመትኩ ነው አልኳቸው። «ሁለት ጊዜ ገደል አፋፍ የደረስነው ለካ ለዚህ ነው» አሉ፤ ፊታቸው ግን አልሳቀም። ተነሥተው ግድግዳው ላይ የነበረውን ፎቶ ቀርበው አዩት። «ሳነሣው እጁ ትክክለኛው ቦታ ላይ አረፈ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር» አሉና ከሥሩ «ሰላምታ» የሚለውን ጽሑፍ በጥፍራቸው ፍቀው አነሡት። እኔም ማንገቻውን ፈታሁት።

ባለፈው ሐሙስ ገመዱን ይዤ ሄድኩ። ሽማግሌው ድምፄን ሰምተው ገና ከሩቅ «መጣህ ቀልደኛው» አሉኝ። ዛሬ ቀልድ አልያዝኩም አልኳቸውና ገመዱን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጥኩት። በጣታቸው ዳሰሱት። ወዲያው አወቁት፤ ፊታቸው ላይ የነበረው ፈገግታ ወርዶ ሲያልቅ አየሁት። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ወረቀቷን ማንበብ አለመቻሌን፣ የሚከራይ ቤት ማለቴን፣ ማንገቻውን፣ እጄን ማውለብለቤን፣ ባለፈው መጥቼ መዋሸቴን። ልጅቷ የስፌት መኪናዋን አቁማለች። ልትሰድበኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን «ዓመት ሙሉ ጎረቤቴን ስጠላ ኖርኩ። እሱን ማን ይመልስልኛል?» አለችኝ። 

ሽማግሌው አጣቢዋን ጥራት አሉኝ፤ ልጃቸውን ሳይሆን እኔን። ግንቡን ዞሬ ጠራኋት። እጇ አረፋ እንደሆነ መጣችና ከደፉ ወዲያ ቆማ ሰማችኝ። ወደ ልጅቷ ዞራ «አንድ ቀን ቢሆን አንቺ ነሽ ወይ ብለሽ ብትጠይቂኝ ምን ነበረበት?» ብቻ አለቻት። ታረቁ ብዬ ላስደስትሽ አልችልም፤ ልጅቷ አቀርቅራ ቀረች፣ አጣቢዋም ወደ ልብሷ ተመለሰች። ማምሻውን ግን ልጅቷ ግንቡን ዞራ ስትሄድ አይቻለሁ። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም።

ከዚያ ሽማግሌው ያልጠበቅሁትን ጠየቁኝ።

«ፎቶው አምሮ ወጣ?»

ልዋሽ ፈለግሁ፤ በዚያ ሰዓት ፎቶውን ዐይቶት የማያውቅ ሰው ብሆን እመርጥ ነበር። «አምሯል አባባ» አልኳቸው።

ንገረኝ አሉኝ። ነገርኳቸው። ግንቡ ከጥግ እንደሚነሣ፣ ድንጋዩ ሁሉ ጥላውን ይዞ እንደተሰለፈ፣ መንገዷ ነጭ ሆና እንደምትሄድ፣ ሁሉም ሄደው ሄደው እሳቸው ላይ እንደሚደርሱ። «እጄስ ምን ያደርጋል?» አሉኝ። «ገመዱን ይፈልጋል» አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንግዲያው ለሚያየው ሰው ሁሉ እንዲህ ብለህ ንገር» አሉኝ።

ገመዱን እኔው መልሼ ወጠርኩት። ቋጠሮዎቹ የት የት እንደነበሩ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው፤ እየቆጠሩ ነገሩኝ። ከበሩ በአሥራ አራተኛው እርምጃ ቦዩ ስላለ አንድ ቋጠሮ፤ ድንጋዩ የወጣበት ቦታ ሁለት፤ ቧንቧው ሊደርስ ሲል ሦስት። እኔ ለመፍታት ሩብ ሰዓት ያልፈጀብኝን ለመቋጠር ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ልጅቷ ወረቀትና እስክሪብቶ አመጣችና ፊቴ አስቀመጠች። «ማንበብ ከተማርክ መጻፍም ተምረሃል፤ አንተው ጻፈው» አለችኝ። ጻፍኩ፦ «ይህን ገመድ አትፍቱት። ዓይነ ስውር ሰው ይዞት ይሄዳል። አምና የፈታሁት እኔ ነኝ።» የመጨረሻዋን ያዘዘኝ የለም። ከታች ስሜንና የአለቃዬን ስልክ ጨመርኩበት፤ ማንበብ የሚችል ሁሉ ያንብበው።

ገመዱን ይያዙልኝና ልይዎት አልኳቸው ሽማግሌውን። «አንተ እያየህ አልሄድም» አሉኝ። ተሰናብቼ ጀርባዬን ሰጥቼ ሄድኩ። ዞር ማለት እንዴት እንዳማረኝ አትጠይቂኝ። አልዞርኩም።

እንግዲህ የደበቅሁሽ ይህ ነው። አሁን ደግሞ የእናታችንን ላንሣ። ዓይኗ እየጨለመ ከበሩ መቃን ጋር እንደምትጋጭ፣ ወደ ጓሮ ለመውጣት ሰው መጥራት እያፈረች ሽንቷን አፍና እንደምትቀመጥ አስጽፈሽልኝ ነበር። እኔ ያኔ ምን መለስኩ? «እኔን ስትጠብቅ ነው የደከመው፤ ስመጣ ይበራል» ብዬ በዘበኛው አስጻፍኩ። አስቂኝ መስሎኝ ነበር። ይቅር በዪኝ። ያን ደብዳቤ እሷ ሰምታው ከሆነ እሷም ይቅር ትበለኝ።

የእህቴ ልጅ፣ አሁን ወደ ቤት ግቢና ይህን ሁሉ ከላይ ጀምረሽ ለአያትሽ አንብቢላት። ቅድም አትስማ ያልኩት ስለፈራሁ ነው፤ እየጻፍኩ ስመጣ ፍርሃቱ አላለቀም፣ ግን ሽማግሌው ለሚያየው ሁሉ ንገር ብለውኛል፤ በየጠዋቱ የምታየው ደግሞ እሷ ናት። ሰውዬው ልጅሽን ሰላም እያሉት አይደለም በያት። እጃቸው ምን እንደሚፈልግ ንገሪያት።

ለአናጢው አማቼ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ ሥራ አለኝ ለእሱ፣ ጣቱን ይጠብቅ። መንትዮቹን ለየብቻ ሳሚልኝ፤ አንዱን ብቻ ስመሽ ሌላውን እንዳታስለቅሺ። አንባቢዬን ልጅሽን የፊደል ስሕተቴን ቆጥራ በቀይ አርማ ብትልክልኝ አልኮራም በያት። ወገብሽን አትርሺው፤ ባልዲ በሁለት እጅ አታንሺ። የእናቴን ጉልበት ሳሚልኝ፤ ሽማግሌውም ስለ እሷ ብነግራቸው አንድ ነገር ንገራት ብለውኛል፦ ገመድ ስትይዝ አትጨብጠው፣ መዳፏን ብቻ ታሳርፍበት፣ ከዚያ ራሱ ይወስዳታል።

ፎቶውን ከግድግዳው አውርዱት። ምስማሩን ግን እንዳትነቅሉት። ጠንካራ ገመድ ፈልጉና ከእሱ ጀምራችሁ በበሩ በኩል እስከ ጓሮ ወጥሩላት፤ ከወገቧ ትንሽ ዝቅ ይበል፤ ደፉ ጋ አንድ፣ ደረጃው ጋ ሁለት ቋጠሮ ይኑረው።

በገዛ እጁ የጻፈው ወንድምሽ

ከኪራይ ክፍሌ፣ ከመስኮቱ አጠገብ
እሑድ ከቀትር በኋላ፣ ወሩ በገባ በዘጠኝ